እንዳይበላሽብን አግዙን

ለውዴ ለተፈራ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ደንብ ነው። አንተ ግን ከእንግዲህ ጉንፋንም ደም ብዛትም አያሰጋህም፤ ስለዚህ እሱን ትቼ ወደ ወሬዬ ልግባ። ከተለየኸን ዓመት ሞላ። የሙት ዓመት ተዝካርህን ትናንት እሑድ አወጣን። ዛሬ ድንኳኑ ፈርሷል፣ ወንበሩ ወደ እድር ተመልሷል፣ ልጃችን ሜሮንም ልጆቿን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሄዳለች። እኔ፣ አንተ ጋዜጣ ስታነብ ደገፍ ትልባት በነበረችው የበረንዳ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን እጽፍልሃለሁ። በሕይወት ሳለህ አንድም ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። ምን ያስጽፈኛል? ያለኝን ቅሬታ ሁሉ ፊት ለፊት ስነግርህ ነው የኖርኩት። የቆጠብኩት ምስጋናውን ነው፤ ዛሬ የምጽፍልህም እሱን ነው።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ይሆንብኛል። «ነገ አሠራዋለሁ» እያልክ ሳታሠራው የሄድከው የግቢ በር ተሠራ። አሁን ሲከፈት ድምፅ የለውም፤ ሰው መግባቱን ሳልሰማ እየደነገጥኩ ተቸግሬያለሁ። በሰንጋ ተራ በኩል መንገዱ ሰፍቶ፣ ዳር ዳሩን መብራት ተተክሎበት ብታየው አገር የተሳሳትክ ይመስልሃል። ከአብነት ጎረቤቶቻችን ግማሾቹ ቤታቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ወጥተዋል። አንዳንዶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ እኔ ዘንድ ልብስ ያሰፋሉ፤ ልብሱ ሰበብ ነው፣ የሰፈሩ ወሬ ናፍቋቸው ነው የሚመጡት። የስፌት ሱቄ እዚያው ናት። ራዲዮህን ሜሮን ልውሰደው ብላኝ ነበር፤ አልሰጠኋትም። ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። ዜናውን አልሰማውም፤ ብቻ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር እንዲያወራ ነው።

ስለ መኪናዋ ሳትጠይቀኝ እንደማታልፍ አውቃለሁ። አለች። ልትሸጥ ነበር፤ አልተሸጠችም። እንዴት እንዳልተሸጠች ልነግርህ ነው የተነሳሁት፤ ነገር ግን ታሪኩን ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም። አንተ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ከእኔ አፍ ሰምተኸው አታውቅም።

በመሥሪያ ቤትህ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ በነበርክበት ጊዜ፣ ሥልጠናም ሆነ ስብሰባ ሲኖር አዳራሹንም ምሳውንም የምታዝዘው አንተ ነበርክ። አንድ ቀን ከሥራ ገብተህ ራት ሳቀርብልህ አልበላም አልክ። አሞህ እንደሆነ ብጠይቅህ አላመመኝም አልክ። እኔም የሠራሁት ወጥ አልጥም ብሎህ መሰለኝና አኮረፍኩ። ገበታው ከተነሳ በኋላ ነው የነገርከኝ። ለሥልጠና ከተጠራው ሰው ግማሹ ሳይመጣ ቀርቶ፣ የመጣውም ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሹልክ ሹልክ ብሎ ወጥቶ፣ ምሳ ሲደርስ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ክዳኑ እንኳ ያልተነሳ ወጥ በበርሜል ተገልብጦ የቆሻሻ መኪና ላይ ሲጫን ቆመህ አየህ። ከዚያ በእግርህ ወደ ቤት ስትመጣ በልደታ ማርያም በኩል አለፍክ፤ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተቀመጡትን አሮጊቶችም አየህ። «ያዘዝኩት እኔ ነኝ ዘኒ፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልከኝ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አንተ ግን አፍረህ ነበር።

በማግስቱ የአዳራሹን ወጥ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ ብርሃኔን አነጋገርክ። ያቀረብክላት ሐሳብ ለሰሚው ቀላል ነበር። ምግቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ቡፌ አይውጣ፤ ግማሹ ድስት ክዳኑ እንደተገጠመ እምድጃው አጠገብ በሙቀቱ ይቆይ፤ ሰው ከበዛ ይወጣል፣ ካልበዛ ለአንተ ይሆናል። ከሳህን የተመለሰውን፣ ቡፌ ላይ ስንቱ ሲያማስለው የዋለውን አትነካም ነበር። «ትርፍ ማለት ከድስት ያልወጣው ነው፤ ሌላው ፍርፋሪ ነው፤ ፍርፋሪ ደግሞ ለሰው አይወሰድም» ትል ነበር። ሰላጣና ጥሬ ሥጋም አትወስድም፤ የቆየ ነገርም አትወስድም። ምሳ በተነሳ ሰዓት ትደርሳለህ፣ ምግቡ ሳይበርድ ታደርሳለህ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ቢጠሩህ አመስግነህ ትተወዋለህ። ብርሃኔ መጀመሪያ ሥራ ልታበዛባት የመጣህ አለቃ መስለሃት ፊት ነስታህ ነበር አሉ። በኋላ ግን ድስቱን ከማንም ቀድማ የምትደብቅልህ እሷ ሆነች።

የመሥሪያ ቤትህ አለቆች ግን ፈሩ። በሰጠነው ምግብ አንድ ሰው ቢታመምብን ማን ይጠየቃል አሉህ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ገጥሟቸው ስለማያውቅ ነው። አንተ አልተከራከርክም። «ቀድሜ የምበላው እኔ ነኝ፤ ከታመምኩ ታውቃላችሁ» ብለሃቸው ወጣህ። አንተ ሳትታመም ስትቀር ፍርሃታቸው ለቀቃቸው፤ እነሱም የልጃቸው ምርቃት፣ የወንድማቸው ሠርግ ሲደርስ አንድ ድስት አስቀርተንልሃል እያሉ መደወል ጀመሩ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስትቆጣ ያየሁህ። መሥሪያ ቤቱ ምግቡ ሲታደል የሚያነሳ ካሜራ አብሮህ እንዲሄድ ፈልጎ ነበር። ካሜራው ከመጣ ድስቱ ይቅር አልክ። እነዚያ እናቶች ምሳ ለመብላት ፎቶ መነሳት የለባቸውም ብለህ አንገትህን ቀና አድርገህ ስትቆም፣ ሁልጊዜ ጎንበስ የምትለው ተፈራ አልነበርክም። ያን ቀን ኮርቼብህ ነበር፤ አልነገርኩህም እንጂ።

ሠርጉን ካነሳሁ አይቀር፣ የአክስቴን ልጅ ሠርግ ታስታውሳለህ? ሰው ሁሉ ገብቶ ሙሽሮቹን እንኳን ደስ ያላችሁ ይላል፤ አንተ ቀጥታ ወደ ድንኳኑ ጀርባ፣ ወደ ወጥ ቤቱ። ዘመዶቼ ጥሬ ሥጋ ፍለጋ የሄድክ መስሏቸው ባልሽ ሆዱን ይወዳል እያሉ ሳቁብኝ። እኔ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ስል፣ አንተ ከወጥ ቤት ሰዎች ጋር ተግባብተህ፣ በሙሉ ልብስህ ላይ ሽርጥ አሥረህ ድስት ትሸከማለህ። ስንመለስ በአዲሱ ቀሚሴ የአልጫ ድስት በሁለት እግሬ መሃል ይዤ ተቀመጥኩ። ልደታ ስንደርስ ትራፊክ አስቆመን። ጎንበስ ብሎ ድስቱን አየ፣ ቀሚሴን አየ፣ አንተን አየ። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። አንተ ስታስረዳው ቆየህ፤ መጨረሻ ላይ እሱም የእህቱ ሠርግ መቼ እንደሆነ ነገረህና ስልክ ተለዋወጣችሁ። ሰውን የምትይዘው እንዲህ ነበር።

ስለ መኪናዋ ሽታ ስንጨቃጨቅ ስንት ዘመን አለፈ! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ነጭ ለብሼ ስገባ ወጥ ወጥ ትሸታለች። ወንበሩን በሳሙና አጠብኩ፣ የሎሚ ልጣጭ አኖርኩ፣ ሽቶ ረጨሁ፤ ሽቶውና ወጡ ተደባልቀው ጭራሽ ባሰ። አንተ ትስቃለህ። ከሱቄ ደግሞ ቁራጭ ጨርቅ ትለምነኝ ነበር፤ ነጭና ቀይ፣ ጣት የምታህል። ለምን እንደምትፈልገው ጠይቄህ አላውቅም። ዕቃህ እንዳይጠፋ ምልክት ታደርግበታለህ ብዬ ነው።

ከልደታ ማርያም ወረድ ብሎ፣ አሮጌ የቀበሌ ቤቶች የተደረደሩበት ያ ግቢ አለ። አብዛኞቹ ነዋሪዎቹ ጧሪ የሌላቸው እናቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የግቢው አለቃ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ግን እሳቸው ሳይሉ እዚያ ግቢ የሚሆን ነገር የለም። አንተ ቀድመህ ደውለህ ሳታስፈቅድ እግርህ ያንን ግቢ ረግጦ አያውቅም። «እማማ፣ ምግብ ተርፎን ነው፤ እባካችሁ እንዳይበላሽብን አግዙን» ትላቸው ነበር። እኔ አጠገብህ ሆኜ ስሰማህ በሆዴ እስቃለሁ። አራዳ ነው ባሌ፣ የሚሰጠውን እንደሚለምን አድርጎ ያቀርበዋል እል ነበር። የአነጋገር ለዛ ነው ብዬ አለፍኩት። አብሬህ በመጣሁባቸው ቀናትም ከመኪናዋ ወርጄ አላውቅም፤ ቶሎ ውጣ እያልኩ ክላክስ አደርግብሃለሁ እንጂ። ስለዚህ ውስጥ ገብተህ ምን እንደምታደርግ አንድም ቀን አላየሁም።

ከዚያ ያ ጥቅምት መጣ። ታመህ ብዙ አልቆየህም፤ እንደ ልማድህ ሰው ሳታስቸግር ሄድክ። ስለ ለቅሶው ብዙ አልጽፍልህም፤ እኔም ከፊሉን አላስታውሰውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ። እማማ ጥሩነሽ የግቢውን ሰው አስከትለው መጡ። የእድሩ አስተናጋጆች ለመብል የመጡ መስሏቸው ወደ ጥግ ሊወስዷቸው ሲሉ፣ እማማ «እኛ ለቅሶ ደራሽ ነን» ብለው ከዘመዶችህ መሃል ገብተው ተቀመጡ። አለቀሱልህ፤ ደህና አድርገው አለቀሱልህ።

ከአርባህ በኋላ ስልክህ ጮኸ። ልዘጋው ስላልቻልኩ እንዲሁ ቻርጅ እያደረግሁ አስቀምጬው ነበር። የደወለችው ብርሃኔ ናት። መሞትህን ታውቃለች፣ ቀብርህ ላይ ነበረች፤ እጇ ለምዶባት ነው የደወለችው። እኔ አቤት ስል ደነገጠችና ማልቀስ ጀመረች። ሥልጠና ነበረ፣ ሰው አልሞላም፣ ድስቱ ክዳኑ እንደተገጠመ ቁጭ ብሏል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መጣሁ አልኳት። መንጃ ፈቃዴ መሳቢያ ውስጥ ሲያረጅ ስለኖረ፣ ከአብነት ሰንጋ ተራ አዳራሹ ድረስ እየተጎተትኩ ነዳሁ፤ የታክሲ ሾፌሩ ሁሉ ሰደበኝ።

ወቅቱ የገና ጾም ነበር። አዳራሹ ለሚጾመውም ለማይጾመውም ስለሚያዘጋጅ የምስር ወጥም፣ ሽሮም፣ የሥጋ ወጥም ነበረ። ብርሃኔ ለሌላ ዝግጅት ተጠርታ ስለነበር እኔው ራሴ ክዳን ያላቸውን ባልዲዎችህን ከመኪናዋ ኋላ አወጣሁና መገልበጥ ጀመርኩ። ሁለት ጭልፋ አብሮ ነበረ። የአንዱ እጀታ ላይ ነጭ ጨርቅ፣ የሌላው ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል። የእኔ ሱቅ ጨርቅ! ሳየው እንባዬ መጣ። በዚያ እንባ መሃል አንዱን ጭልፋ አንስቼ የሥጋውን ወጥ ቀዳሁ፤ በዚያው ጭልፋ ምስሩን፤ በዚያው ጭልፋ ሽሮውን። እኔ፣ ጾም ሲገባ ቢላዋ እንኳ ለየብቻ የማደርገው ሴት! ሐሳቤ አንተ ጋ ስለነበር እጄ የሚሠራውን አላየሁም።

ግቢው ስደርስ እናቶቹ እጃቸውን ታጥበው፣ ሳህናቸውን ይዘው፣ በየደጃቸው ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ባልዲዎቹን አስቀመጥኩ። ማንም አልተነሳም። ሁሉም እጄን እጄን ያዩኛል። ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም። ቀስ ብለው የነገሩኝ እማማ ጥሩነሽ ናቸው። ተፈራ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ሁለቱን ጭልፋ ከፍ አድርጎ ያሳየን ነበር አሉኝ፤ ነጩ የጾም፣ ቀዩ የፍስክ። ከዚያ ማንም ሳይነካው እሱ ራሱ በፊታችን ይቀምስ ነበር አሉኝ። ዓይናቸው የደከመው እንኳ ቀዩንና ነጩን ይለያሉ። የሰው ምግብ የሚበላ ሰው ይህ በምን ተቀዳ፣ ምን ነካው ብሎ መጠየቅ እንደሚያፍር አንተ ገብቶሃል። ስለዚህ ሳይጠይቁህ ትመልስላቸው ነበር።

ዋሽቼ ማለፍ እችል ነበር። ሁለቱን ጭልፋ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው፤ ማን ያውቃል? አልቻልኩም። «እማማ፣ ሁሉንም በአንዱ ነው የቀዳሁት» አልኳቸው። አንዲት እናት ባዶ ሳህናቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው አደረጉት፤ እንዳላየውና እንዳላፍር ብለው ነው። ለጾም ያልደረሱት ሕፃናት ስለበሉ ምግቡ አልተጣለም። እናቶቹ ግን ያን ቀን በደረቅ እንጀራና በበርበሬ ዋሉ። ማንም አልተቆጣኝም። እማማ መኪናዋ ድረስ ሸኝተውኝ፣ አይዞሽ ልጄ፣ እሱም በአንድ ቀን አልተማረውም አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መሪውን እንደያዝኩ አለቀስኩ። ከቀብርህ ቀን ይልቅ ያን ቀን ነው ያለቀስኩልህ። ያን ሁሉ ዘመን ድስት የምታመላልስ ነበር የሚመስለኝ። ድስትማ ማንም ያመላልሳል። ተርቦ የተቀመጠ ሰው ሳያፍር፣ ሳይጠራጠር፣ ጾሙን ሳይሽር፣ እንደ ቤቱ እንዲበላ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን ከማን ተማርከው? ቤት ውስጥ ካልሲህን የት እንዳወለቅኸው የማታውቅ ሰው!

ይህ ሥራ የእኔ አይደለም ብዬ ወሰንኩ። ብርሃኔ ደጋግማ ደወለች፤ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኳት። ሌላ ሰው አልተገኘም። ድስቱም እንደ ድሮው ወደ በርሜል ተመለሰ። ይህን እያወቅሁ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ መስፋት ከበደኝ፤ ግን እንደገና አጥፍቼ እነዚያን እናቶች ከማስራብ እጄን መሰብሰብ ይሻላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። መኪናዋ ግቢ ቆማ አቧራ ስትለብስ ሜሮን «እማዬ፣ ሽጪያት በቃ» አለችኝ። እሺ አልኩ።

ከሙት ዓመትህ በፊት ባለው ሳምንት አንድ ሰውዬ ሊያያት መጣ። ሞተሯን አስነስቶ አዳመጠ፣ ጎማዋን ረገጥ ረገጥ አደረገ፤ ሁሉም ደህና። ከዚያ በሩን ከፍቶ ገባና አፍንጫውን ያዘ። ይቺ መኪና ለምንድን ነው ወጥ ወጥ የምትሸተው አለኝ። ተፈራ፣ ይህ የእኔ ንግግር አይደለም እንዴ? ቃል በቃል የእኔ ነው። ከሰውዬው አፍ ስሰማው ግን ደሜ ፈላ። «የሥራ ሽታ ነው፤ ሽቶ ከፈለግህ ሽቶ ቤት ሂድ» አልኩት። ሰውዬው ቀልድ መስሎት ሳቀና ሰኞ እደውላለሁ ብሎ ሄደ። እኔ ገብቼ ተቀመጥኩባት። እውነቱን ልንገርህ፣ ሽታው እየቀነሰ ነው፤ ከወንበሩ ጥግ ላይ ብቻ ነው የቀረው። እንዳይወጣብኝ መስኮቱን ዘጋሁት።

ትናንት ለተዝካርህ፣ የጽጌ ጾም ስለሆነና የሚጾምም የማይጾምም ስላለ፣ ሁለቱንም አስደገስኩ። ጭልፋዎችህን አውጥቼ፣ የቆሸሸውን ጨርቅ ፈትቼ፣ ከሱቄ አዲስ ነጭና አዲስ ቀይ ቆርጬ አሰርኩባቸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ድርሻውን ላክሁ። እማማ ጥሩነሽን ግን አልጠራኋቸውም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ነበር። ድንኳኑ በዘመድና በእድርተኛ ይሞላል ብዬ ነበር። ሆኖም የእድራችን አባል የሆኑ አንድ አባት አርፈው ቀብራቸው በዚያው ሰዓት ሆነና እድርተኛው ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤ መሄድም አለበት። ከዘመዱም ብዙው ቀረ፤ ዓመት ሲሞላ እንዲህ ነው። ቄሶቹ ጸሎቱን አድርሰው ቀና ብዬ ብመለከት፣ ከወንበሩ አብዛኛው ባዶ ነው። ድስቱ ሁሉ ክዳኑ እንደተገጠመ ተደርድሯል። ስንቱን ድስት ከመደፋት ያዳንክ ሰው፣ የራስህ ድስት ሊደፋ! ሜሮን ጥግ ላይ ታለቅሳለች፤ አንዱ አስተናጋጅ ደግሞ የተረፈውን የት እናድርገው ብሎ ይጠይቀኛል።

ስልክ አነሳሁ፤ የእኔን ሳይሆን ያንተን። እማማ ጥሩነሽ ጋ ደወልኩ። «እማማ፣ ምግብ ተርፎን ነው፤ እባካችሁ እንዳይበላሽብን አግዙን» አልኩ። ተፈራ፣ ለካ እውነትህን ነበር! የአነጋገር ለዛ አልነበረም፣ አራዳነትም አልነበረም። ያን ሁሉ ምግብ ይዤ የሚካፈለኝ ያጣሁት እኔ ነበርኩ፤ የቸገረኝ እኔ ነበርኩ፤ እርዳታ የለመንኩትም እኔ ነኝ። አንተ ይህን ያወቅኸው ያን ቀን በርሜሉ አጠገብ ቆመህ ነው። ለዚህ ነው ራት ያልበላኸው። እማማ ብዙ አላሉኝም፤ ስንጠብቅሽ ነበር፣ እየመጣን ነው አሉኝ።

መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሕፃናቱን እያስከተሉ፣ መራመድ ያቃታቸውን እየደገፉ መጡ። ማንም ወደ ጥግ አልወሰዳቸውም፤ ዘመዶችህ በተዉት ወንበር ላይ፣ ከሜሮን ግራና ቀኝ ተቀመጡ። ድንኳኑ ሞላ። ከዚያ ዓይናቸው ሁሉ ወደ እጄ ዞረ። ዘንድሮ ግን ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። መሃል ላይ ቆሜ ሁለቱን ጭልፋ ከፍ አደረግሁ፤ ነጩን በቀኜ፣ ቀዩን በግራዬ። እማማ ጥሩነሽ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። ቁራሽ እንጀራ ይዤ ከምስሩ በፊታቸው ቀመስኩ። ጨው በዝቶበታል። አንተ ብትሆን ዝም ብለህ ትውጠው ነበር፤ እኔ ተናገርኩ፤ ድንኳኑ በሙሉ ሳቀ። በተዝካርህ ላይ ሰው በመሳቁ እግዜር ይቅር ይበለን፤ ደስ ባለህ ነበር ብዬ አስባለሁ። በሉ፣ መረቁህ፣ ነፍስህን ይማር አሉ። ድስቱ ሁሉ ባዶውን ታጠበ።

ዛሬ ጠዋት ሰውዬው እንዳለው ደወለ። መኪናዋ ሥራ ላይ ስለሆነች አትሸጥም አልኩት። ቀጥዬ ብርሃኔ ጋ ደወልኩ። ነገ ሥልጠና አለ፣ ግማሹ ድስት እምድጃው አጠገብ ይቆይልሻል አለችኝ። ከዚያ ወደ ሱቄ ሄጄ ነጭና ቀይ ጨርቅ ብዙ ቆርጬ መጣሁ፤ እስከማረጅ ይበቃኛል። ሜሮን ደግሞ ስትሄጂ አብሬሽ እሄዳለሁ ብላኛለች፤ ልብሷ ወጥ ሲሸት ምን እንደምትል እናያለን።

እንዴት ታስታውሺኛለሽ ብትለኝ መልሴ አጭር ነው። ፎቶህ ግድግዳው ላይ አለ፤ መቃብርህን በየጊዜው እጠርጋለሁ። የማስታውስህ ግን በዚያ አይደለም። ነገ የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ፣ ሁለቱን ጭልፋ ከፍ ሳደርግ ነው። ከዚያም በኋላ እንዲሁ ነው፤ ክንዴ እስኪዝል ድረስ። ስልክህን አልዘጋሁትም፣ አልዘጋውምም። ተፈራ ብለው ሲደውሉልህ አቤት የምለው እኔ ነኝ።

ከእንግዲህ ክላክስ የማታደርግብህ፣ ከመኪናዋ የምትወርደው፣
ያንተው ዘኒ